አደፍርስን ጮክ ብላችሁ አንብቡት

ይህን የሥነ ጽሑፍ ዝግጅት ያሰናዳሁላችሁ ከአቃቂ ቃሊቲ፣ ከገላን ኮንዶሚኒየም ነው። ዛሬ የምናወጋው ስለ ደራሲ ዳኛቸው ወርቁ፣ ይልቁንም በ1962 ዓ.ም. ስላሳተመው ስለ «አደፍርስ» ይሆናል።

«አደፍርስ» ከተነበበው ይልቅ የተወራለት መጽሐፍ ነው። የአማርኛ ልብ ወለድ ነገር ሲነሣ ስሙ ሳይጠራ አይታለፍም። አንብባችሁታል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ግን ብዙ ሰው «ጀምሬው ነበር» ይላል። ታሪኩ አልያዝ ይላል፣ ማን እንደሚናገር አይለይም፣ የገጠር አነጋገሩ ያስቸግራል ይሉታል። እኔ ይህን ቅሬታ አልንቀውም፤ ያስቸገረው አንባቢ ሰነፍ ነውም አልልም። ግን መጽሐፉ የከበደን በዓይን ብቻ ስለምናነበው ይመስለኛል። ዳኛቸው የጻፈው ለጆሮ ነው፤ ያውም ለብዙ ሰው ድምፅ። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ይህንኑ ነው።

ሬዲዮ ላይ ነንና ከሬዲዮ ልነሣ። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር» ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ያ መጽሐፍ የሰከነ ተራኪ አለው። ተራኪው በዛብህን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ የሰብለ ወንጌልን ልብ ያውቃል፤ የፊታውራሪ መሸሻን ትዕቢት ያውቃል፤ ጉዱ ካሣ ብቻውን ሲሆን የሚያብሰለስለውንም ያውቃል። የሚያውቀውን ደግሞ ሳይቸኩል፣ እየመዘነ ይነግረናል። ወጋየሁ መጀመሪያ ያንን ተራኪ ሆነ፤ ከዚያ በተራኪው በኩል ሌሎቹን ሁሉ ሆነ። መጽሐፉ ለአንድ ድምፅ ይመች ነበር፤ ያ አንድ ድምፅም የታላቅ ተዋናይ ሆነና አገር ሁሉ ሰማው።

አሁን በዚያው መንገድ «አደፍርስ»ን ለመተረክ ማይክሮፎን ፊት የተቀመጠ ሰው አስቡ። ገና ብዙ ገጽ ሳይሄድ ይቸገራል። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ሦስተኛው ከመካከል ይገባል፤ በብዙ ቦታ «እንዲህ አለ»፣ «እንዲህ አለች» እያለ የሚያስተዋውቅ ተራኪ የለም። ንግግሩ ቆም ሲል ደግሞ ተራራው፣ ሸለቆው፣ የዛፉ ስም፣ የቅጠሉ ዓይነት ይመጣል፤ ረጅም ትንፋሽ የሚጠይቅ ገለጻ ነው። ከዚያ እንደገና ወሬ፣ ክርክር፣ ስሞታ። አንዱ ክፍል ረጅም ነው፤ ሌላው ተጀመረ ሲባል ያልቃል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ለመተረክ አንድ ሰው አይበቃም፤ ስቱዲዮ ሙሉ ሰው ያስፈልጋል።

ይህ አጻጻፍ ከየት መጣ? አንዱ መልስ ከደራሲው የትውልድ አገር ይገኛል።

ዳኛቸው በ1928 ዓ.ም. በደብረ ሲና ተወለደ። በደሴ መንገድ የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጣርማ በር ላይ ደጋው በድንገት ያልቅና መንገዱ በዋሻው ውስጥ አልፎ ወደ ቆላው ይወርዳል። ከላይ ብርድና ገብስ፣ ከታች ሙቀትና ማሽላ ነው። ደብረ ሲና ከዚያ ገደል ሥር ተቀምጣ ወደ ይፋት ታያለች፤ ከይፋት ወዲያ የአፋር ምድር ይዘረጋል። አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በገበያ ቀን የሚገናኝበት አካባቢ ነው። እዚያ ያደገ ልጅ አንዱን አማርኛ በብዙ አንደበት ይሰማል፤ ሰው ገና ፊቱ ሳይታይ ከአነጋገሩ የየት አገር ሰው እንደሆነ፣ ጌታ ይሁን ሎሌ፣ ካህን ይሁን ነጋዴ መለየት ይለምዳል። ዳኛቸው ያንን ጆሮ ይዞ ነው ወደ አዲስ አበባ የመጣው። በልብ ወለድ ከመታወቁ በፊት ተውኔት ጽፏል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም አስተምሯል። ተውኔት መጻፉን ልብ በሉልኝ፤ ተውኔት የሚጽፍ ሰው ተራኪ የለውም፤ ያሉት ተናጋሪዎች ብቻ ናቸው።

ሁለተኛው መልስ ዘመኑ ነው። በ1957 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹን ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ ልኮ ሕዝብ እንዲያገለግሉ ማድረግ ጀመረ። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ተማሪው «መሬት ላራሹ» እያለ አደባባይ ወጣ። እንግዲህ በአንድ በኩል መጽሐፍ ያነበበ፣ አገር መለወጥ አለበት ብሎ የቆረጠ ወጣት አለ፤ በሌላ በኩል የርስት ክርክሯን ከዳኛ ፊት ይዛ የቆመች ባላባት፣ ነፍስ አባት፣ ገበሬ፣ አሽከር አሉ። ያ ወጣት ለአንድ ዓመት እነሱ መካከል ገብቶ ይኖራል። የመጽሐፉ ወጣት፣ አደፍርስ፣ እንዲህ ያለ ሰው ነው።

የቀደሙት ደራሲያን ይህን ጉዳይ ቢያገኙት ወጣቱን አፈ ጉባኤ ያደርጉት ነበር። ከአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የ1900 ዓ.ም. «ልብ ወለድ ታሪክ» ጀምሮ፣ በብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በኩል አልፎ እስከ 1950ዎቹ ድረስ የአማርኛ ልብ ወለድ መምህር ነበር። ደጉ ከክፉው ተለይቶ ይታያል፤ አንባቢው ከማን ጋር መቆም እንዳለበት ይነገረዋል። ይህ ነውር አልነበረም፤ ሥነ ጽሑፉ የተነሣበት ዓላማም ነበር። ዳኛቸው ግን ያንን የመምህር ወንበር ባዶ ተወው። አደፍርስ የሚናገረው ብዙ እውነት አለው፤ አንዳንዴ ደግሞ ንግግሩ የመጽሐፍ ንግግር ይሆንና ከሰሚው ጆሮ በላይ ያልፋል። ወይዘሮ አሰጋሽ በአሮጌው ሥርዓት ያደጉ፣ ለርስታቸው የሚሟገቱ እመቤት ናቸው፤ ደራሲው ግን የቂል አነጋገር አልሰጣቸውም። የሚናገሩት አማርኛ የበሰለ፣ ምሳሌ የጠገበ፣ አፍ የሚያስከፍት ነው። አባ አዲሴም በራሳቸው ቋንቋ ያስባሉ። ጥሶና ወርዶፋ፣ ጎርፉ፣ ሮማን፣ ጺዎኔ፣ ክብረት፣ እያንዳንዱ የራሱ ቃና አለው። ማንም የማንንም ሐሳብ ለማድመቅ ብቻ አልተፈጠረም።

እንዲህ ሲሆን አንባቢው ሥራ ይበዛበታል። ማን ትክክል እንደሆነ የሚነግረው የለም፤ ራሱ ሰምቶ መፍረድ አለበት፤ ወይም ፍርዱን ማቆየት አለበት። ለእኔ የመጽሐፉ ታላቅ ድፍረት እዚህ ላይ ነው። ዓረፍተ ነገር መሰባበርና ምዕራፍ ማዘበራረቅ ማንም ሊሞክረው ይችላል። የገዛ ትውልዱን ወጣት፣ የገዛ ጓደኛውን ሊሆን የሚችለውን ሰው፣ ከሌሎቹ እኩል አስቀምጦ ማስፈተን ግን በ1962 ዓ.ም. ቀላል አልነበረም። መንገዱ የት እንደሚያደርስም ደራሲው አልደበቀም፤ አደፍርስ በመጨረሻ በሁከት መካከል ይሞታል። ይህን ብነግራችሁ ታሪኩን አበላሸሁባችሁ ብዬ አላስብም፤ መጽሐፉ የሚነበበው መጨረሻውን ለማወቅ አይደለም።

እውነቱን ለመናገር የሚያደክሙ ቦታዎች አሉት። የአደፍርስ ረጃጅም ክርክሮች አንዳንድ ቦታ ይንዛዛሉ፤ የመልክዓ ምድሩም ገለጻ ለቸኮለ ሰው አይሆንም። ገለጻውን ግን ዘላችሁ እንዳታልፉት አደራ እላለሁ። ዳኛቸው አገሩን ሲገልጽ በጥቅሉ «ውብ ነው» ብሎ አያልፍም፤ ኮረብታውን በስሙ፣ ዛፉን በስሙ ይጠራል። ከዚያ በኋላ ሰዎቹ ስለ መሬት ሲከራከሩ መሬቱ ከፊታችን አለ።

አሁን ወደ ገላን እንምጣ። ኮንዶሚኒየም የምንኖር ሰዎች ይህን አጻጻፍ ከማንም በፊት የምንረዳው መሆን አለብን። ማታ ደረጃው ላይ ቆም ብላችሁ አዳምጡ። አንዷ ከታች ስለ ውሃ መጥፋት ታማርራለች፤ አንዱ ከላይ ከአገር ቤት ዘመዱ ጋር በስልክ ይጯጯሃል፤ ከቀኝ በኩል አማርኛ፣ ከግራ ኦሮምኛ፣ ወይም ጉራጌኛ ይሰማል፤ ልጆች ይሮጣሉ፤ ኮሙናሉ ውስጥ የዕድር ስብሰባ ገና አልተበተነም። «አሁን የተናገሩት እማማ እገሌ ናቸው» ብሎ የሚያስረዳችሁ የለም፤ ግን ሁሉንም ታውቃላችሁ። በድምፁ፣ በቃላቱ፣ በቁጣው ትለዩታላችሁ። እጣ ደርሶትም ተከራይቶም የገባው፣ ከየሰፈሩና ከየክፍለ ሀገሩ የመጣው ሰው በአንድ ግድግዳ ተለያይቶ ይናገራል። «አደፍርስ»ም እንደዚህ ደረጃ ነው የሚሰማው። ደረጃውን የሚሰማ ጆሮ ያለው ሰው መጽሐፉን ፈርቶ የሚሸሽበት ምክንያት የለውም።

በዚያው ዘመን ዳኛቸው ብቻውን አልነበረም። ሰዓሊውና ባለቅኔው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ቅርጽን ከለመድነው መንገድ አውጥቶ ይሥል፣ ግጥምም ይጽፍ ነበር። ሰለሞን ደሬሳ በ1963 ዓ.ም. «ልጅነት» የተባለውን የግጥም መድበል አሳትሞ ቤት መምታትን የግጥም መለኪያ አድርጎ ለያዘው ሁሉ ጥያቄ አቀረበ። በዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር»ን ያሳተመው «አደፍርስ» በወጣበት በ1962 ዓ.ም. ነው። የእነዚህ ሰዎች መንገድ ይለያያል፤ የዳኛቸው ግን ከሁሉም የራቀው ነበር ብዬ አምናለሁ። ሌሎቹ ከልማድ ሲወጡ የራሳቸውን ድምፅ ይዘው ወጡ። እሱ የራሱን ድምፅ ዝቅ አድርጎ የሌሎችን አወጣ።

ይህ ከልማድ የመውጣት ፍላጎት የእኛ አገር ብቻ አልነበረም። በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ከተለመደው አጻጻፍ ያፈነገጡ ወጣት ደራሲያን ተነሥተው ነበር። ከእነሱ አንዱ ሐንስ ካርል አርትማን ይባላል። ተወልዶ ያደገው በከተማዋ ዳር ባለ ብራይተንዜ በተባለ ሰፈር ነው። እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1958 ያሳተመው የግጥም መጽሐፍ የተጻፈው በትምህርት ቤት ጀርመንኛ ሳይሆን በዚያ ሰፈር አነጋገር ነው፤ ቃሉን ጆሮ እንደሚሰማው አድርጎ ጻፈው። ሌላው ኤርንስት ያንድል ነበር፤ ግጥሞቹ በወረቀት ላይ ሲታዩ እንቆቅልሽ ናቸው፣ እሱ ራሱ ቆሞ ሲያነባቸው ግን ሕዝብ አዳራሽ ሞልቶ ያዳምጥ ነበር። ያንድል ከባለቅኔዋ ፍሪደሪከ ማይረከር ጋር የጻፈው የሬዲዮ ድራማ ደግሞ በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ በእነሱው አቆጣጠር፣ በጀርመንኛ ተናጋሪው ዓለም ትልቅ የሚባለውን የሬዲዮ ድራማ ሽልማት አግኝቷል። ይህን ያነሣሁት ዳኛቸው ከእነሱ ቀዳ ለማለት አይደለም። ገጹ ላይ አስቸጋሪ የሚመስል ጽሑፍ በድምፅ ሲወጣ ሊፈታ እንደሚችል ሌላም ቦታ የታየ ነገር መሆኑን ለማሳየት ነው። ዳር ሰፈር የተናቀ አነጋገር የሥነ ጽሑፍ ቋንቋ ሊሆን እንደሚችልም አርትማን በቪየና፣ ዳኛቸው በይፋት አነጋገር አሳይተዋል። የእኛ ሰው ያደረገው በልብ ወለድ ነው፤ ያ ደግሞ ከአጭር ግጥም ይልቅ ረጅም ጽናት ይጠይቃል።

ወደ ሁለተኛው መጽሐፍ ልሂድ። ዳኛቸው በአሜሪካ፣ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የደራሲያን መርሐ ግብር ተሳትፏል። በእንግሊዝኛ የጻፈው ልብ ወለድ፣ ወደ አማርኛ ስንመልሰው «አሥራ ሦስተኛዋ ፀሐይ» የምንለው፣ በጎርጎርዮሳውያን 1973 የለንደኑ ሄይነማን ያሳትመው በነበረው የአፍሪካ ደራሲያን ተከታታይ ውስጥ ወጣ። የታሪኩ ቦታ ለእኛ ቅርብ ነው። ገላን ላይ ሰማዩ በጠራ ቀን ወደ ደቡብ ብትመለከቱ ዝቋላ ተራራ ይታያል። መጽሐፉ የሚሄደው ወደዚያ ነው።

ዝቋላ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትር ሊደርስ ጥቂት የሚቀረው፣ አናቱ ላይ ሐይቅ የያዘ ተራራ። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም እዚያ አለ። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ሲሆን ከአዲስ አበባ የሚወርደው ምእመን በቃሊቲና በአቃቂ መንገድ ያልፋል፤ ነጭ ለባሹን ሁላችንም እናየዋለን። ተራራው ለኦሮሞም የጸሎት ቦታ ነው። ዳኛቸው ወደዚህ ተራራ አንድ የታመሙ ባላባት አስወጣ፤ ፊታውራሪ ወልዱ ይባላሉ። ጠበል ፈልገው በሰው ትከሻ ላይ ሆነው ይወጣሉ። ልጃቸው ጎይቶም አብሮ አለ፤ የተማረ፣ የሚያይና የሚያስብ፣ ብዙ ጊዜ ግን እጁ አጥሮ የሚቆም ወጣት ነው። ከጋብቻ ውጭ የተወለደችው ልጃቸው ወይኒቱም አለች። አንድ ባላገር ቤቱን ይለቅላቸዋል። በየመንገዱ ድውዩ፣ ለማኙ፣ ጠንቋይዋ፣ ነጋዴው ይገናኛል። ፊታውራሪው ከዝቋላ በሕይወት አይመለሱም።

የታተመበትን ዓመት ልብ በሉ። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ1966 ዓ.ም.፣ አብዮቱ ፈነዳ። ዳኛቸው ትንቢት ተናገረ አልልም፤ ያየውን ጻፈ። የቆመበት እግር የከዳው ሥርዓት ራሱ በጫናቸው ሰዎች ትከሻ ላይ ሆኖ ተራራ ሲወጣ ታይቶታል። የተማረውም ልጅ መድኃኒት ይዞ አልመጣም። አደፍርስ የሚናገር ልጅ ነበር፤ ጎይቶም የሚያይ ልጅ ነው። ሁለቱን መጻሕፍት አከታትሎ ያነበበ ሰው በመካከላቸው ያለውን የደራሲውን ሐዘን ያገኘዋል።

የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ለውጭ አንባቢ ደርሷል፤ ዳኛቸውንም በአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ስም አስገኝቶለታል። ለእኔ ግን የቀረበት ነገር አለ። የይፋቱ አማርኛ እዚያ የለም። ባላገሩ፣ ባላባቱና ልጁ በአንድ የባዕድ ቋንቋ ሲናገሩ በመካከላቸው ያለው የአነጋገር ርቀት ይጠብባል። በዚያ ምትክ ዳኛቸው ያጠነከረው ዝምታውንና በሰው ልብ ውስጥ የሚመላለሰውን ሐሳብ ነው፤ ከተራራው አቀበት ጋር አብሮ የሚሄድ የትንፋሽ አጻጻፍ አለው። እንግሊዝኛ የምታነቡ ፈልጋችሁ አንብቡት፤ በተለይ ዝቋላ ወጥታችሁ ከሆነ።

ከዚያ በኋላም ዳኛቸው ቋንቋን ከማጥናት አልተለየም። ከአምሳሉ አክሊሉ ጋር ያዘጋጁት «የአማርኛ ፈሊጦች» በ1979 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሟል። በቤቱ መዝገበ ቃላት የሚያስቀምጥ ሰው ይህንንም አጠገቡ ቢያኖር ደስ ይለኛል፤ ሰው በየቀኑ የሚናገረው ግን ጽፎ የማያስቀምጠው ብዙ ሀብት ተሰብስቦበታል። ስለ አጻጻፍ ጥበብም ለጀማሪዎች መመሪያ የሚሆን መጽሐፍ አዘጋጅቷል። በልማድ ላይ ያመፀ ደራሲ የልማዱን ቋንቋ ከማንም በላይ በትጋት ለቅሞ ማኖሩ እኔን አያስገርመኝም። የሰዎችን ድምፅ የማያውቅ ሰው «አደፍርስ»ን ሊጽፍ አይችልም ነበር። ዳኛቸው በ1987 ዓ.ም. አረፈ።

እንግዲህ አድማጮቼ፣ መጽሐፉን እንዴት እናንብበው? ብቻችሁን አትጀምሩት። አራት ወይም አምስት ሰው ሁኑ፤ ቡና የምትጠጡ ጎረቤቶች ብትሆኑ ይበቃል። መጽሐፉን አዲስ ካጣችሁ አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጡ ሰዎች ጠይቁ፤ ወይም ከቤተ መጻሕፍት ተዋሱ። አንድ ቅጂ እየተቀባበላችሁ ልታነቡት ትችላላችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትቀመጡ ብዙ ገጽ ለመጨረስ አትሞክሩ። አንድ ንግግር ያለበት ክፍል ምረጡና በመጀመሪያ በለሆሳስ እለፉበት፤ ማን እንደሚናገር ስትደርሱበት ስሙን በእርሳስ ጎኑ ላይ ጻፉ።

ከዚያ ድምፁን ተከፋፈሉ። በሰሜን ሸዋ ያደጉ፣ ዕድሜ የጠገቡ እናት በመካከላችሁ ካሉ ወይዘሮ አሰጋሽን እሳቸው ያንብቧቸው፤ እኛ የሚያደናቅፈንን ቃል እሳቸው ሳያስቡት ይሉታል፤ ትርጉሙንም ያስረዳሉ። የአባ አዲሴን ቃል ቤተ ክህነት የሚያውቅ ሰው ይያዘው። አደፍርስን ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስጡት፤ ረጃጅሙን ክርክር በአንድ ትንፋሽ ለማለፍ አይቸኩል፣ ሌሎቹ እስኪያቋርጡት ይናገር። የመልክዓ ምድሩን ገለጻ ቀስ ብሎ የሚያነብ፣ ድምፁ የማይሰለች ሰው ያንብበው፤ የዛፎቹን ስም ስትሰሙ የምታውቁትን ለማታውቁት ንገሩ።

አንድ ክፍል ጨርሳችሁ ስትከራከሩ፣ መከራከራችሁም አይቀርም፣ በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ክፍል ድገሙትና ድምፅ ተለዋወጡ። አደፍርስን ያነበበው ልጅ ወይዘሮ አሰጋሽን ያንብብ፤ እናትየው አደፍርስን ይያዙ። ያኔ ክርክራችሁ ከየት ጀምሮ እንደተለወጠ ጻፉልን፤ በቀጣዩ ዝግጅት ከደብዳቤዎቻችሁ እናነባለን። እስከዚያው ሰላም ቆዩ።